መልስ፦ ጭጋጉ እስኪገፈፍ ልጠብቅ ወይስ ልመለስ?

ከሰው መንደር በራቀ ተራራ ላይ ዝናብና ጭጋግ ቢይዘኝ ልጠብቅ ወይስ ልመለስ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ብሆን እመለሳለሁ፤ ያውም የመጣሁበትን መንገድ ይዤ። በጭጋግ ውስጥ አቋራጭ የሚመስል ሸለቆ ገደል አፋፍ ላይ ሊያደርስህ ይችላል (አንድ ጊዜ ሞክሬው ጉልበቴ እየራደ ነው የወጣሁት)።

ብዙ ሰው የሚፈራው ብርዱን ነው፤ እኔ አብልጬ የምፈራው እርጥበቱንና ነፋሱን ነው። ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ይቀንሳል። በዚያ ላይ የጥጥ ልብስ ከራሰ ሙቀት አይዝም፤ ጂንስ ሱሪህን ቤት ተወው። ሱፍ ረጥቦም ቢሆን ይሻላል።

የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ከወረደ ነገሩ ከባድ ነው። ጓደኛህ ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ፣ ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመና ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ ተሻለው ብለህ እንዳትዘናጋ፤ ብሶበታል። ከነፋስ ከልለው፣ እርጥቡን አውልቀህ ደረቅ አልብሰው፣ እርዳታ ጥራ። አልኮል ፈጽሞ አትስጠው፤ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ያባክናል።

ነጎድጓድ ከሰማህ ከተራራው ጫፍና ብቻውን ከቆመ ዛፍ ራቅ። የስልክ ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ስልክህን ከልብስህ ስር ያዘው፤ የወረቀት ካርታና ኮምፓስም አይቅሩብህ። የምትመለስበትን ሰዓት ደግሞ ከመነሳትህ በፊት ለአንድ ሰው ንገር።