ዘንድሮ አማርኛ ለምታስተምሩ ወጣት መምህራን

ከኮሌጅ ወጥታችሁ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ለተመደባችሁ ልጆቼ፣

መስከረም ላይ፣ የተማሪዎቻችሁን ስም እንኳ ሳትለዩ፣ «የትምህርት ጥቅም» በሚል ርዕስ ድርሰት አታስጽፉ። «ትምህርት ለአንድ ሀገር ዕድገት ወሳኝ ሚና ይጫወታል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በየደብተሩ ስታነቡ ትከርማላችሁ። ልጆቹ አልሰነፉም፤ ርዕሱ ነው ከሬዲዮ የሰሙትን እንዲደግሙ የሚጋብዛቸው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስለ ሀገር ዕድገት ምን የራሱ ነገር ይኖረዋል? ስለ ሰፈሩ ወፍጮ ቤት፣ ስለ ታክሲ ረዳቱ፣ ስለ አያቱ ጠባይ ግን ጠይቁት።

አንዲት ተማሪ «እናቴ በጣም ጥሩ ሰው ናት» ብላ ጽፋ አመጣችልኝ። ሰዋስዉ ልክ ነው፤ እናትየዋ ግን አትታይም። «ዛሬ ጠዋት ምን ስትሠራ ትተሻት መጣሽ?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና ጠረጴዛዬ አጠገብ እንደቆመች «እናቴ እጇ ሊጥ ስለነበረ ደብተሬን እንዳታቆሽሽ በክርኗ ወደ በሩ ገፋችኝ» ብላ ጻፈች። ያቺን ክርን እኔ ላስተምራት አልችልም ነበር፤ የእኔ ድርሻ መጠየቅ ብቻ ነበር።

እስከ ኅዳር ድረስ ከአንድ አንቀጽ አትውጡ። አንድ ኃይለ ቃል፣ ማለትም የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የሚይዝ ዓረፍተ ነገር፣ እሱን የሚያፍታቱ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች፣ በቃ። ያንኑ አንቀጽ ግን ደጋግመው ይጻፉት። «ጨርሻለሁ መምህር!» የሚላችሁ ይበዛል። ለጎኑ ተማሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ አድርጉት። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ሐሳቡን ሁሉ በ«እና» እየቀጠሉ ገጹን ይጨርሳሉ። ትንፋሽ ሲያጥረው አራት ነጥቡ የት እንደጎደለ ራሱ ያገኘዋል።

እርማት ላይ ቆጠብ በሉ። ገጹ በቀይ እስክሪብቶ ከተሞላ ልጁ ማርኩን አይቶ ደብተሩን ይከድናል። በዚህ ሳምንት ሥርዓተ ነጥብ ብቻ፣ በሚቀጥለው የባለቤትና የግስ ስምምነት ብቻ አርሙ። የሞክሼ ሆሄያትን (ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው የተለያየ ፊደላትን) ጉዳይማ እስከ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አቆዩት። ይህን በማለቴ የሚቆጡኝ ባልደረቦች አሉ፤ ይቆጡ። «ሀ»ና «ሐ» እስኪለዩ ድረስ ሐሳብ አይጻፍም ከተባለ ብዙዎቻችን ደብዳቤም ባልጻፍን ነበር።

ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቆ፣ የምታስተምሩትም ክፍል ብዙ ሆኖ፣ ደብተር ሁሉ ይታረማል ብሎ የሚጠብቅባችሁ ካለ እሱ መጥቶ ያርም። በየሳምንቱ የአንድ ረድፍ ደብተር ሰብስቡ፤ የቀሩት እርስ በርስ ይተያዩ።

ከጥር ዕረፍት በኋላ ተቀባይ ላለው ጽሑፍ አብቋቸው። የግቢው ቧንቧ ውሃ ካቆመ ለርዕሰ መምህሩ ማመልከቻ ይጻፉ፤ ቀን፣ ጉዳዩ፣ የሚጠይቁት ነገር፣ ፊርማ። ማመልከቻው ተወስዶ ይሰጥ፣ መልሱም ይጠበቅ። ጽሑፍ የሚነበብ መሆኑን ያወቀ ልጅ ሳትነግሩት ያስተካክለዋል።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ጭንቀቱ ይመጣል። ጥያቄው ምርጫ ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። የጽሕፈት ትምህርት ከሁሉ በፊት የሚዘለለውም ያኔ ነው። ወላጅም ርዕሰ መምህርም «ጥያቄ አሠሯቸው» ይሏችኋል። አሠሯቸው፤ መብታቸው ነው። በሳምንት አንዷን የጽሕፈት ክፍለ ጊዜ ግን ለማንም አትልቀቁ።