ፕሪንት ስክሪን ተጭነህ ምንም ላልመጣልህ ወንድሜ
«የማመልከቻዬን ማረጋገጫ ከላፕቶፕ ላይ ላስቀር ብዬ ፕሪንት ስክሪን ብጫን ምንም አልመጣም፤ ቁልፉ ተበላሽቶ ይሆን?» ብለህ ለጠየቅኸው፦ ቁልፉ ደህና ነው። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር በዚህችው ቁልፍ ጉድ ሆኛለሁ። ዊንዶውስ እንደምትጠቀም ይዤ ነው የምነግርህ።

1. ፕሪንት ስክሪን ብቻውን ምስሉን ኮፒ ያደርጋል እንጂ ፋይል አድርጎ አያስቀምጥም። አዲሱ ዊንዶውስ 11 ላይ የስክሪን መቁረጫው (ስኒፒንግ ቱል) ሊከፈት ይችላል፤ ላንተ ምንም ካልመጣልህ ግን ኮፒ ብቻ ነው ያደረገው። ሌላ ነገር ኮፒ ካደረግህ ደግሞ የፊተኛው ሄደ ማለት ነው። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። የፈተና ምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነበር፣ ፔዳ አካባቢ በተከራየሁት ቤት መብራት ጠፍቷል፣ ባትሪው 9 በመቶ ቀርቶታል። ቅጹን ላክሁት፤ የምዝገባ ቁጥሬ በአረንጓዴ ተጽፎ መጣ። ፕሪንት ስክሪን ተጫንሁ፣ እፎይ አልሁ። ከዚያ ዶክመንት ላኩበት የተባለውን ኢሜይል ኮፒ አድርጌ ገጹን ዘጋሁት። ዎርድ ከፍቼ ኮንትሮልና ቪ ስጫን የወጣው ፎቶው ሳይሆን የኢሜይሉ አድራሻ ነው! እጄ ቀዘቀዘ።

ሦስት ቀን ወደ ምዝገባ ቢሮው በባጃጅ ተመላለስሁ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ቁጥር ከሌለሽ አልተመዘገብሽም» አለኝ። ስሜን በዝርዝሩ ፈልግልኝ ብለው «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፣ ቀጣይ!» ፈተናው አለፈኝ። ሰው አንድ ስም ለማየት እንዴት አንገቱን አያቀናም?

2. ስለዚህ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘህ ፕሪንት ስክሪን ተጫን። ስክሪኑ ለአፍታ ደብዘዝ ካለ ፎቶው ተነስቷል፤ ፒክቸርስ ውስጥ ስክሪንሾትስ የሚል ፎልደር ታገኛለህ። አንዳንድ ላፕቶፕ ኤፍኤን (Fn) የሚለውን ቁልፍ አብረህ ካልያዝህ እሺ አይልም። ሙሉ ስክሪኑን አንሳ የምልህ በምክንያት ነው፦ ከታች በቀኝ በኩል ቀኑና ሰዓቱ አብሮ ይገባል። በሚቀጥለው ምዝገባ ያው ሰውዬ ቁጥር ሲለኝ ፎቶውን ቀኑ እንደሚታይ አድርጌ ፊቱ አቀረብሁለት። ዝም ብሎ ጻፈ! ዛሬ የሰፈሬ ልጆች ከመመዝገባቸው በፊት እኔ ጋ ነው የሚመጡት።

3. ቁራጭ ብቻ ከፈለግህ ዊንዶውስ፣ ሺፍትና ኤስን አንድ ላይ ተጫን፤ በማውስ ጎትተህ ቴሌግራም ላይ ለራስህ ለጥፈው። ዊንዶውስና ቪ ተጭነህም የኮፒ ታሪኩን ዛሬውኑ አብራው፤ እስከ 25 ነገር ይይዝልሃል። ያኔ ቀድሜ አብርቼው ቢሆን ፎቶዬን እዚያው አገኘው ነበር።

ገጹ አሁንም ክፍት ከሆነ እባክህ አትዝጋው። በ2ኛው መንገድ አንሳው፣ ፎልደሩን ከፍተህ ቁጥሩ መነበቡን እይ፣ ከዚያ ዝጋው።