የእህቴ አልጋ ወይስ የአናጺው?

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። አምድዎን ለዓመታት ሳነብ ኖሬያለሁ፤ ለመጻፍ ያበቃኝ ግን አንድ የሕፃን አልጋ ነው።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ የመጀመሪያዬ ነው። ታላቅ እህቴ ጂዳ በሰው ቤት ሰባት ዓመት ሠርታ ስትመለስ የአሠሪዎቿ ልጆች የተኙበትን አልጋ ይዛ መጣች። ሲገዛ ውድ እንደነበር ያስታውቃል። ነጭ ነው፤ የአንድ ጎኑ ፍርግርግ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። ለማስጫን የከፈለችው ገንዘብ እዚህ አንድ አዲስ አልጋ ያሠራ ነበር። እሷ የራሷን ልጅ አልወለደችም። «ለመጀመሪያው የእህቴ ልጅ» ብላ አራት ዓመት ሙሉ በማዳበሪያ ጠቅልላ፣ ዝናብ እንዳይነካው ቦታ ስትቀያይርለት ኖራለች።

ባለፈው ሳምንት ገጣጠምነው። ሁለት ቡሎን ጎድሎት ነበር፤ ባለቤቴ በሽቦ አሰረው። ተንሸራታቹ ጎን አንዳንዴ በአንድ በኩል ብቻ ይወርዳል፤ በጉልበት ሲመቱት ይመለሳል። ጠርዙ ላይ ያለው ቀለም ተላልጧል። ባለቤቴ «ይህን ትተን ከአናጺ እናሠራ» ይላል። የሰፈራችን አናጺም በዋንዛ ልሥራላችሁ ብሏል፤ አራቱም ቋሚዎች ጫፋቸው ላይ ጉልላት፣ ራስጌው ላይ ደግሞ ተፈልፍሎ የወጣ የልብ ቅርጽ ይኖረዋል አለ።

አማቴ ሁለቱንም አይፈልጉም። «ሕፃን የሚተኛው ከእናቱ ጎን ነው፤ ለብቻው በረት ውስጥ የሚታሰረው ጥጃ ነው» ይላሉ። ልጅ ሳይወለድ አልጋ ቤት ማስገባቱንም አልወደዱትም። እንዲያም ሆኖ አልጋው ላይ የሚንጠለጠል ክታብ አስጽፈዋል፤ እናቴ ደግሞ በበኩሏ ማተብ ፈትላለች። ወሎ ነንና ልጃችን ከሁለቱም ወገን ይመረቃል። አማቴ በዚህም አላበቁም። ፍርግርጉ ራሱን እንዳይመታው ብለው ዙሪያውን የሚደረደሩ አራት ትንንሽ ትራሶች በእጃቸው ሰፍተዋል።

እህቴን ማስቀየም አልችልም። አማቴንም እንዲሁ። ባለቤቴ ደግሞ ወስኝ ይለኛል። ምን ላድርግ?

ቀኗን የምትቆጥር፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

እህቴ፣ አብሽሪ። ከሁሉም በፊት ግን የሚያስቸኩለውን ልናገር፤ የጂዳው አልጋ ላይ ልጅ እንዳይተኛ።

ጎኑ በአንድ በኩል ብቻ እንደሚወርድ የጻፍሽውን ሳነብ የያዝሁትን ሲኒ አስቀመጥሁ። እንዲህ ዓይነቱን ተንሸራታች ጎን ደግፈው የሚይዙት ትንንሽ ፕላስቲኮችና ሞላዎች ናቸው። በተፈታ፣ በተገጠመና በተጓጓዘ ቁጥር ይላላሉ፣ ይሰነጠቃሉ። አንዱ ማዕዘን ሲለቅ ጎኑ ወደ ውጭ ያዘነብልና በፍራሹና በፍርግርጉ መካከል ከላይ የሰፋ፣ ከታች የጠበበ ክፍተት ይፈጠራል። ሕፃኑ ሲገላበጥ እዚያ ውስጥ ይንሸራተታል። ሰውነቱ ያልፋል፣ ራሱ ይያዛል። ትንፋሹ ስለሚታፈን ጮኾ ሊጠራሽ አይችልም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በነበሩት አሥር ዓመታት ገደማ ቢያንስ 32 ሕፃናት በዚህ ዓይነት አልጋ ታፍነው ወይም ታንቀው መሞታቸው ተመዝግቧል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2011 ጀምሮ ተንሸራታች ጎን ያለው የሕፃን አልጋ እንዳይሠራም እንዳይሸጥም፣ አሮጌውም ቢሆን እንዳይሸጥ ታገደ። የባለቤትሽ ሽቦ የጎደሉትን ቡሎኖች ይተካ እንደሆነ እንጂ ያንን ጎን አያድነውም።

እህትሽን ግን «አልጋሽ አይረባም» አትበያት። አንድ እሑድ ጥሪያትና ቡናው እስኪደርስ አልጋው ፊት ተቀመጡ። ባለቤትሽ ሽቦውን ይፍታው። እህትሽ ራሷ የጎኑን የታች ማዕዘን በመዳፏ ወደ ውጭ ትግፋው። ሰባት ዓመት የሰው ልጅ ያሳደገች ሴት ናት፤ ክፍተቱን ስታይ ካንቺ ቀድማ ይገባታል። ከዚያ የአዲሱን አልጋ ፍራሽ እሷ እንድትመርጥልሽ ለምኛት። ይህን ይሉኝታ ብለሽ አትለፊው፤ ፍራሽ ከአልጋው እኩል ቁም ነገር ነው፣ ምክንያቱን እነግርሻለሁ። የጂዳውን አልጋ ለጎረቤት እንዳትሰጪ። ፈታታችሁ ቋሚውን ፍርግርግ የዳይፐርና የጨርቅ ማስጫ አድርጉት፤ እህትሽም ድካሟ ቤታችሁ ውስጥ ሲያገለግል ታያለች።

ወደ አማትሽ ልምጣ። በግማሹ ልክ ናቸው። ሕፃን ቢያንስ እስከ ስድስት ወሩ እናቱ በምትተኛበት ክፍል መተኛት እንዳለበት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም የሚመክረው ነው። ልዩነቱ ክፍሉ አንድ ሆኖ መኝታው ለየብቻ መሆኑ ላይ ነው። ይህን በመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም። የመጀመሪያ ልጄን የወለድሁት ደሴ ሆጤ በክረምት ነበር፤ የጦሳ ተራራ ብርድ በበር ስንጥቅ የሚገባበት ወር። እናቴ ጋቢ በጋቢ ላይ ደራርባልን እያጠባሁ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ልጁ ፊቱ አይታየኝም፤ ጋቢው ውስጥ ገብቷል። ስገልጠው ጸጉሩ በላብ ርሶ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል፣ አፍንጫው ጫፍ ላይ የጋቢው ጥለት ታትሟል። ይተነፍሳል። ምንም አልሆነም። እኔ ግን እስኪነጋ የእሱን ትንፋሽ ስቆጥር አደርሁ። በማግሥቱ አልጋውን አመጣነው፤ ከእኔ አልጋ አንድ ክንድ ርቀት ላይ። እጄን ዘርግቼ ደረቱን እነካለሁ፣ አንስቼ አጥብቼ እመልሰዋለሁ። ለአማትሽ ይህንኑ አሳዪያቸው፤ አልጋው ከእጅሽ የማይርቅ መሆኑን ሲያዩ በረት ማለታቸውን ይተዋሉ ብዬ አስባለሁ።

አልጋ ቀድሞ ቤት አይገባም ያሉት ነገር ደግሞ ለእኛ ይመቸናል። አልጋው ተሠርቶ እዚያው አናጺው ዘንድ ይቆይ። ቫርኒሽ ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት ሽታው ተንኖ እስኪያልቅ ሳምንታት ነፋስ ማግኘት አለበት። ምጥሽ ሲመጣ ወይም ከሆስፒታል ስትወጪ ባለቤትሽ ያስመጣው። እሳቸውም ቃላቸው ይከበራል፣ አንቺም የቀለም ሽታ አትተነፍሺም።

አሁን አናጺው። እርግጠኛ ነኝ እጁ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ማስጌጥ መውደዱ ነው። ጉልላቱን በጭራሽ። ልጅ ቆሞ መራመድ ሲጀምር የሸሚዙ ኮሌታ ወይም የአንገት ክር እዚያ ላይ ይያዝና ይንጠለጠላል። የአራቱም ቋሚ ጫፍ ከጎኑ እንጨት ጋር እኩል ይሁን፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። ራስጌው ላይ የሚፈለፈለው ልብም ይቅር፤ ራስ ወይም ክንድ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ልብ ካማረው ሳይበሳው ላዩን ይቅረጸው።

ወደ አናጺው ከመሄድሽ በፊት ፍራሹ ይገዛ። ሰው ሁሉ የሚያደርገው በተቃራኒው ነው፤ አልጋው ይሠራና ፍራሽ ይፈለግለታል፣ ከዚያ በጎን የቀረው ክፍተት በጨርቅ ይወተፋል። ያ ክፍተት ከሁለት ጣት በላይ ካስገባ ልጅ ይይዛል። የተለመደው ልክ 60 በ120 ሳንቲ ሜትር ነው። እህትሽ ስፖንጁን ስትመርጥ መዳፏን ተጭና ትያዝና ታንሳው፤ የእጇ ቅርጽ ጎድጉዶ ከቀረ አትግዙት። ለእኛ ጀርባ ደረቅ የሚመስለው ለሕፃን ትክክለኛው ነው፤ ለስላሳ ፍራሽ ፊቱን ይውጠዋል። ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ፍራሹን ተሸክማችሁ ለአናጺው ስጡት፣ አልጋውን በእሱ ልክ ይሥራው።

የፍርግርጉ ዘንጎች ቀጥ ብለው የቆሙ ይሁኑ፤ የተጋደሙት መሰላል ይሆኑታል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ4 ሳንቲ ሜትር ተኩል እስከ 6 ይሁን። አልጋው ሲያልቅ የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ይዘሽ ሂጂና በሁሉም ዘንጎች መካከል ሞክሪው፤ ካለፈ ሰፍቷል። አናጺው ይስቅ ይሆናል፣ ይሳቅ። ወለሉ በሁለት ከፍታ እንዲገጠም ያድርገው። ላይኛው ለመጀመሪያዎቹ ወራት ወገብሽን ያሳርፍልሻል። ልጁ መቀመጥ ሊጀምር ሲል ወደ ታችኛው ይወርዳል፤ ያኔ ከፍራሹ እስከ ጎኑ ጫፍ 60 ሳንቲ ሜትር መቅረት አለበት። ሚስማር ሳይሆን ቡሎን ይጠቀም፤ ዋንዛም ሆነ ሌላ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራልና በየወሩ ማጥበቅ ያስፈልጋል። የላይኛው ጠርዝ ባይቀባ ደስ ይለኛል። ጥርስ ሊያበቅል ሲል ልጅ የመጀመሪያ ሥራው እሱን መጋጥ ነው፤ አንዳንድ ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ የተባለው ብረት ደግሞ በትንሽ መጠን እንኳ አእምሮን ይጎዳል። የጂዳው አልጋ የተላላጠ ቀለምም ያሳሰበኝ ለዚህ ነው።

የተሰፉትን አራት ትራሶች በተመለከተ፣ አማትሽ የደከሙበት ነገር ስለሆነ ቃል መረጥሁ። አልጋ ውስጥ እንዳይገቡ። ራሱን ቢመታው የሚያለቅስበት ደቂቃ ነው፣ ትራስ ግን አፍና አፍንጫውን ይዘጋል። አሜሪካኖች ዙሪያውን የሚታሰረውን ትራስ እ.ኤ.አ. በ2022 በሕግ ከልክለዋል። ስታጠቢ ግን ክርንሽ ሥርና ወገብሽ ላይ አድርጊያቸው፤ አማትሽ በዓይናቸው እያዩ ይደሰታሉ። የሕፃኑ አልጋ ውስጥ የሚቀረው ፍራሽ፣ ጠበቅ ያለ አንሶላና ልጁ ብቻ ነው። ብርድ ልብስ የለም። ኮምቦልቻ ለብሰሽ ከምትተኚው አንድ ንብርብር ጨምሪለት። ደሴ ስትወጡም ካንቺ ልብስ ከአንድ ንብርብር በላይ አይብለጥ፤ ሲነቃ ከአንገቱ ሥር በጣትሽ ንኪው፣ ካላበው በዝቷል።

ክታቡና ማተቡ። እዚህ ላይ ሁለቱንም እናቶች እኩል አስቀይማለሁ። አልጋ ላይ የተንጠለጠለም ሆነ በአንገት የታሰረ ክር በእንቅልፍ ሰዓት አንገት ላይ ይጠመጠማል። ክታቡ በክፍሉ በር ላይ ከፍ ብሎ ይሰቀል፣ ከዚያም ይጠብቃል። ማተቡ ክርስትና ሲነሳ ይታሰርለት፤ ሲተኛ ስለማውለቁ የነፍስ አባቱን ጠይቂ።

ኮምቦልቻ የወባ አገር ነውና አልጋው አጎበር ይፈልጋል። ከጣሪያ ተሰቅሎ አልጋውን ሁሉ ይሸፍን፣ ጫፉ ከፍራሹ ሥር ይወሸቅ፤ ልጁ ላይ እንዳያርፍና የተንጠለጠለ ገመድ እንዳይደርስበት አድርጊ። ከመስኮቱ መጋረጃ አርቂው። የአራስ ቤት ቡናና እጣን ደስታ ነው፣ እኔም እመጣ ነበር፤ የከሰሉ ምድጃ ግን ልጁ የሚተኛበት ክፍል ውስጥ አይግባ። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፣ በሩ ሲዘጋ ይገድላል። ሳሎን ይፈላ።

ሲተኛ ሁልጊዜ በጀርባው። አማትሽ ወተት ያንቀዋል ይሉ ይሆናል፤ በጀርባ ሲተኛ የአየር ቱቦው ከምግቡ ቱቦ በላይ ነው፣ የሚመልሰው ወተት ወደ አየር ቱቦው በቀላሉ አይወጣም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እናቶች ልጆቻቸውን በጀርባ እንዲያስተኙ ሲመከሩ በእንቅልፍ ድንገት የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ያህል ወርዷል። ራሱ መገላበጥ ሲችል መልሰሽ ማዞር አይጠበቅብሽም። ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ወይም ጎኑን ለመውጣት ሲሞክር ደግሞ ከዚህ አልጋ ይውጣ፤ አልጋው ታናሹን ይጠብቃል።

ለአናጺው ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ጉልላቱን እንዲተው ንገሪው፤ ዋንዛው ላይ ጀምሮት እንዳይሆን።