«ወሬ ምን ሕመም ያስታግሣል?»

ጥያቄ፦ የታላቅ እኅቴ የጡት ካንሰር ወደ ጀርባ አጥንቷ ተሰራጭቷል። ለሕክምና ባሕር ዳር ስንመላለስ አንዲት ነርስ፣ እንደ እርሷ ካሉ ታማሚዎች ጋር በየሳምንቱ ተገናኝታ ብትወያይ ሕመሟ እንደሚቀልላት ነገረችን። እኅቴ ግን «ወሬ ምን ሕመም ያስታግሣል? ቤቴስ መች ከጠያቂ ተለይቶ ያውቃል?» ትላለች። ምን ልበላት?
(ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ የእኅትዎ ጥያቄ ተመራማሪዎችም ያነሡት ጥያቄ ነው። ዴቪድ ስፒገልና ጆአን ብሉም በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ካንሰሩ ከጡት አልፎ ወደ ሌላ አካል የተሰራጨባቸው ሴቶች ለአንድ ዓመት ያህል በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ሲወያዩ፣ ካልተሰበሰቡት ይልቅ የሕመሙ ብርታትና ስቃዩ ቀሎላቸው ተገኝቷል፤ በተለይም አእምሮን አረጋግቶ ሐሳብን ከሕመሙ ወደ ሌላ ስሜት መመለስን የተለማመዱት ይበልጥ ተጠቅመዋል። ሕመሙ የሚመላለስበት ብዛትና የሚቆይበት ጊዜ ግን አልተለወጠም። ውጋቱ ይመጣል ማለት ነው፤ ሲመጣ ግን «በሽታው ባሰብኝ ይሆን?» የሚለው ፍርሃት ስለማይጨመርበት ለመቻል ይቀላል።

ጠያቂ መብዛቱ መልካም ቢሆንም ይህን ቦታ አይተካም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የማውቃቸው አንዲት እናት ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣ ቀና ብለው ይቀመጡና፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያበጠውን ቀኝ ክንዳቸውን ከነጠላቸው ሥር ሸሽገው ሲኒውን በግራ እጃቸው ያቀብሉ ነበር። እንግዳው «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ሲወጣ መደቡ ላይ ይወድቃሉ። ክንዳቸውን ገልጠው ያሳዩት ያው እብጠት ለነበረባት ሌላ ታማሚ ብቻ ነው። በሠለጠነ ባለሙያ የሚመራው ቡድን ጥቅሙም ይኸው ነው፤ ስለ ሞት፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ትዳር የሚያስፈራው ሁሉ ማንንም ላለማስጨነቅ ተብሎ ሳይታፈን ይነገርበታል።

ዕድሜ ያረዝማል ብሎ ተስፋ የሚሰጣችሁን ግን አትቀበሉ። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዲህ ያለ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ 235 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ግን ዕድሜ እንዳልጨመረ፣ ይልቁንም ቀድሞውኑ አብዝተው የተጨነቁትን ሴቶች ከጭንቀትም ከሕመምም እንዳቀለላቸው አሳይቷል።

ውይይቱ መድኃኒቱንም አያስቀርም። ሐኪም ለእኅትዎ ሞርፊን የተባለውን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ካዘዘላቸው «ሱስ ይሆንብኛል» ብለው በመፍራት እስኪብስባቸው ሳይጠብቁ በሰዓቱ ይውሰዱ፤ ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብሮ እንዲታዘዝላቸው ይጠይቁ። ለአጥንት ሕመም የጨረር ሕክምናም ብዙ ያስታግሣል። እግራቸው በድንገት ከዛለ፣ ከደነዘዘ ወይም ሽንታቸውን መቆጣጠር ካቃታቸው፣ ዕጢው ኅብለ ሰረሰራቸውን ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳያሳድሩ ያንኑ ዕለት ሆስፒታል ያድርሷቸው።

ቡድኑ ገና ካልተቋቋመ፣ ነርሷ በቀጠሮ ቀን የሚገናኙ ሁለት ሦስት ታማሚዎችን በፈቃዳቸው እንድታስተዋውቃቸው ይጠይቋት። እኅትዎም በመጀመሪያው ቀን እንዲናገሩ አይገደዱም፤ ተቀምጠው ማዳመጥ ይችላሉ።