የእድር ደብተሩና ግሪን ካርዱ

የዛሬው ደብዳቤ የተጻፈው ከዚሁ ከባሕር ዳር ነው። ጸሐፊዋ ግን የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ለሦስት ሳምንት መጥታ እናቷ ሳሎን ተቀምጣ ጻፈችልኝ። ዕድሜዋ 41 ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ናት። ደብዳቤው አራት ገጽ ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ፤ ማንነቷን የሚያሳውቀውንም አውጥቻለሁ።

«እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ስኳርና ግፊት አለባት። እኔ በ2002 ዓ.ም. ወጥቼ ጥገኝነት ጠየቅሁ፤ ዜግነት እስካገኝ 12 ዓመት ፈጀብኝ። ዜግነቴን ባገኘሁ በሳምንቱ ለእማዬ አመለከትኩ። ብዙ ገንዘብና ብዙ ጭንቀት ነበረው፤ በ2016 ግሪን ካርዷን አግኝታ መጣች። 14 ወር አብራን ኖረች። የራሷ ክፍል አላት፤ የጎደለባት ነገር የለም። ከዚያ ‹ቤቴን አይቼ በወሩ እመለሳለሁ› ብላ ሄደች። ይኸው አሥር ወሯ! ዓመት ከሞላት ካርዱ ይቃጠልባታል። አብሯት የሚኖረው ወንድሜ ነው ልቧን የሚያሸፍተው። የሀገሩ ሰላም እንደምታውቁት ነው። አንድ ነገር ብትሆን ማን ይደርስላታል? አባቴ በ2006 ሲሞት ጉዳዬ ስላላለቀ መምጣት አልቻልኩም፤ ያ እንዲደገም አልፈልግም። አሁንም ስመጣ ለቅሶ እንዳያደርጉብኝ ለወንድሜ አስቀድሜ ነግሬዋለሁ፤ ያለችኝ ሦስት ሳምንት ናት፣ የመጣሁትም ለቁም ነገር ነው። ባለፈው ሐይቁ ዳር ወስጃት ዓሣ እየበላን ነገሩን አነሳሁት። ውኃውን እያየች ዝም አለችኝ። ትናንት ካርዷን ስፈልግ ሙዳይዋ ውስጥ ከእድር ደብተሯ ጋር በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ አገኘሁት። ደብተሩን ስገልጠው፣ እኔ ጋ በነበረችበት 14 ወር አንድም ወር ሳይዘለል ተከፍሏል። ለኪሷ የምሰጣትን ለጎረቤት እየላከች! በጣም ነው የተናደድኩት። ስጠይቃት ‹እዚያ ሰው ሲሞት ማን ይነግረኛል?› አለችኝ። ይሄ መልስ ነው? እንዴት ላሳምናት?»

ውድ እህቴ፣ እንኳን ለሀገርሽ አበቃሽ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በአራት ገጽ ውስጥ እናትሽ የተናገሩት ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንዱ «በወሩ እመለሳለሁ» ያሉት ነው። ሁለተኛው የእድሩ ነው። የቀረው በሙሉ አንቺ ስለ እሳቸው የምታስቢው፣ የምትፈሪውና ያደረግሽላቸው ነው። ስለዚህ ላሳምናት ወዳልሽው ከመሄዴ በፊት፣ «ይሄ መልስ ነው?» ብለሽ ባለፍሽው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። እኔ እንደማየው በደንብ መልስ ነው።

እድር ምን እንደሆነ ለባሕር ዳር ልጅ አላስተምርም። ግን ከወጣሽ ብዙ ዘመን ሆኖሻልና ላስታውስሽ። በእድር ውስጥ ክፍያው ትንሹ ነገር ነው፤ ትልቁ መገኘት ነው። ጡሩምባው በጠዋት ሲነፋ ነጠላ አዘቅዝቆ መውጣት፣ ድንኳን ውስጥ መቀመጥ፣ ንፍሮ መቀቀል፣ ሐዘንተኛውን እስከ ሠልስት ብቻውን አለመተው። የቀረ ይቀጣል። አብዝቶ የቀረ ይሰረዛል። እናትሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው ቤት ሲያለቅሱ የኖሩት ቁጠባ ነው በይው። ወጪ የሚሆነው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ባለቤቱ አያየውም።

አሁን ሙዳዩን እንደገና ክፈቺው። አንቺ እንዳልሽው፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከአሜሪካ ውጭ ከዓመት በላይ ከቆየ ካርዱ ብቻውን አያስገባውም። እድሩም ሕጉ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ካልተገኘሽ የለሽም። እናትሽ ፌስታሉ ውስጥ ሁለት የመኖሪያ ፈቃድ ነው የያዙት። አንዱን አንቺ አወጣሽላቸው። ሌላኛውን ራሳቸው፣ በስንት ዓመት ልቅሶ አወጡት። ሜሪላንድ ሆነው የራሳቸው እንዳይቃጠል 14 ወር ከፈሉ። አንቺ ደግሞ የአንቺው እንዳይቃጠል ከዚያ ድረስ በረሽ መጣሽ። ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ሥራ ነው የምትሠሩት!

ከውጭ የተመለሱ እናቶችን ቢሮዬ አገኛለሁ። አንዲት እናት፣ የትኛው ሀገር እንደነበሩ ልተወውና፣ ያሉኝን አልረሳውም። «ልጄ፣ ሁለት ዓመት ስቀመጥ በሰፈሩ አንድ ሰው አልሞተም። እንዴት ያለ ሀገር ነው?» አሉኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ድንኳን አላዩም፣ ጡሩምባ አልሰሙም፣ ማንም መጥቶ በራቸውን አላንኳኳም። ሰው የማይሞትበት ሰፈር ለእሳቸው ሰው የማይኖርበት ሰፈር ነበር።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ደፈር ብዬ ልናገር ነው፤ ታገሺኝ።

ስለ አባትሽ ሞት የጻፍሽው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለ ካርዱ ሁለት ገጽ ተኩል ጽፈሻል። «አባቴ ሲሞት ጉዳዬ ስላላለቀ መምጣት አልቻልኩም» ብለሽ ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ተሻገርሽ። ያልቻልሽበትን ምክንያት አውቃለሁ። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ያለ ቅድመ ፈቃድ ከአሜሪካ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠራል። ሸሸሁት ወዳለው ሀገር ከተመለሰ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። መምጣት አልነበረብሽም፤ ማንም በዚህ አይወቅስሽም። ግን ጸጸት ሕግ አያነብም።

ኬኔት ዶካ የሚባሉ አሜሪካዊ የሐዘን ተመራማሪ አሉ። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በአደባባይ ስላልታዘነ፣ ሰው ስላላወቀውና ስላላጽናናው ሐዘን ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ሐዘን የሚወጣበት በር ስለሌለው መልኩን ቀይሮ ይመጣል ባይ ናቸው ብዙ ባለሙያዎች። አንዳንዱ ላይ ሕመም ሆኖ ይመጣል። አንዳንዱ ላይ ንዴት። ባንቺ ላይ ፎርም ሆኖ የመጣ ይመስለኛል። ዜግነትሽን ባገኘሽ በሳምንቱ ነው ያመለከትሽው። በሳምንቱ! በዚያች ሳምንት ሌላው ሰው ይደግሳል፤ አንቺ ዕዳ ለመክፈል ተቀመጥሽ። ለአባትሽ ያልደረስሽበትን ለእናትሽ ልትደርሺበት። ካርዱ የእናትሽ ስም አለበት እንጂ በአባትሽ ለቅሶ ፋንታ የተከፈለ ካሣ ነው። ካሣው ሙዳይ ውስጥ ሲወረወር ማየት ቢያንገበግብሽ አይገርመኝም። ለእድር ክፍያ ብቻ ይህን ያህል አይናደዱም።

«ያ እንዲደገም አልፈልግም» ብለሻል። ያ ያልሽው የትኛው ነው? አባትሽ እዚህ ሲያርፉ ድንኳኑ ተጥሎ፣ ሰፈርተኛው ወጥቶ፣ በወጉ ነው የተቀበሩት። እናትሽ ነበሩ፤ ወንድምሽም ነበረ። የጎደልሽው አንቺ ነሽ። እንዳይደገም የምትፈልጊው ያንቺን መቅረት ነው። እሱን ለማስቀረት ግን እናትሽን ከሁሉም ሰው ለቅሶ ታስቀሪያቸዋለሽ። የእህታቸውን፣ የጎረቤታቸውን፣ ማኅበር አብረው የጠጡትን ሰው ሞት በስልክ ይሰማሉ። ከቀብሩ በኋላ፣ መኪና ማቆሚያ በሚያሳይ መስኮት ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው። ይህ ነገር ምን እንደሚመስል ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ሳታውቂው የራስሽን ቁስል ለእሳቸው ልታወርሺ ነው።

ወንድምሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። ላንድ አፍታ ግን በእሱ ቦታ ሁኚ። እሱ በ2006 ድንኳን ሥር ቆሞ ሰው ሲቀበል ነበር። አሁን ደግሞ እናቱን ስኳር እያስለካ ልባቸውን ታሸፍታለህ እየተባለ ነው።

ስጋትሽ ከንቱ ነው አላልኩም። ሰላሙ እኛንም ያሳስበናል፤ እዚህ ያለን ሰዎች ከማንም በላይ እናውቀዋለን። የስኳሩም ነገር ቀላል አይደለም። ሕክምናውን በተመለከተ ግን አንድ ነገር አጣሪ። በአሜሪካ ሠርቶ የማያውቅ፣ 65 ዓመት ያለፈው ግሪን ካርድ ያዥ ሜዲኬር የሚባለውን የአረጋውያን መድን እየከፈለ እንኳ ለመግባት በተከታታይ 5 ዓመት መኖር ይጠበቅበታል። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማን እንደሚያመጣቸው አልጻፍሽም። እኔም አልጠይቅሽም፤ አንቺ ግን ራስሽን ጠይቂ።

ስለ ካርዱ ጥቂት ልበል። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ አሠራሩም በየጊዜው ስለሚቀያየር የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ አማክሪ። ከአሜሪካ ውጭ እስከ ሁለት ዓመት ለመቆየት የሚያስችል የመመለሻ ፈቃድ አለ፤ ማመልከቻው ግን የሚገባው ሰውየው እዚያው አሜሪካ ሳለ ነው። እናትሽ ዓመቱ ሳይሞላ ለአጭር ጊዜ ለመሄድ ፈቃደኛ ከሆኑ ይህን መጠየቅ ይቻል ይሆናል። ካልፈለጉም በር ሁሉ ተዘጋ ማለት አይደለም። ዜጋ ለወላጁ ድጋሚ ቢያመለክት ሕጉ አይከለክለውም፤ በዓመት ይህን ያህል ብቻ የሚል ኮታም የለበትም። ገንዘቡና ድካሙ ግን አለ፤ የቪዛው ነገርም እንደ ጊዜው ፖለቲካ ይጠብቃል፣ ይላላል። ካርዱን በፈቃድ መልሶ በጎብኚ ቪዛ መመላለስም ሌላ መንገድ ነው። እሱን መስጠት አለመስጠት የቆንስላው ነው። ይህን ሁሉ የምነግርሽ ለአንድ ነገር ብዬ ነው፤ በቀሩሽ ቀናት የሕይወትና የሞት ውሳኔ እንዳታደርጊው።

ከቻልሽ በእነዚህ ቀናት የካርዱን ነገር አታንሺው። ሻንጣም አታዘጋጂላቸው። ለወንድምሽ የከለከልሽውን ለቅሶ ፍቀጂ። አንድ ከሰዓት በቂ ነው። ጎረቤቶቹ ይምጡ፤ አባትሽን ያነሱ፤ ያልቅሱ፤ ቡናው ይፈላ። ከዘመን በኋላ የመጣ ሰው ሲያለቅስ ማንም «ዘገየህ» አይለውም፤ ይህ ወግ የተሠራው ለእንዳንቺ ዓይነቱ ነው። «የመጣሁት ለቁም ነገር ነው» ብለሽ ነበር። ከዚህ የሚበልጥ ቁም ነገር አልታየኝም። መቃብሩ ጋ ለመሄድ ከደፈርሽም ከእናትሽ ጋር ሂጂ። ላይሆንልሽ ይችላል፤ አትገደጂ። ስትመለሺ ግን እዚያ አማርኛ የሚሰማ ባለሙያ ፈልገሽ ፊት ለፊት ብታነጋግሪ ደስ ይለኛል። የዚህ ሁሉ ዓመት ሐዘን በአንድ የጋዜጣ ዓምድ አይታከምም። ከመሄድሽ በፊት ከእናትሽና ከወንድምሽ ጋር ሆናችሁ ወደ እኔ መምጣት ከፈለጋችሁም በሬ ክፍት ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እናትሽ «ሰው ሲሞት ማን ይነግረኛል?» ብለውሻል። ደብዳቤሽን ገልብጬ ፈለግሁ፤ በ2006 አንቺን ማን እንዳረዳሽ የትም አልጻፍሽም። በሌሊት በርሽን ያንኳኩ ሰዎች ነበሩ? ወይስ ሥራ ላይ ሳለሽ ስልክ ነው የጮኸው? የት ቆመሽ ነበር? ማንስ ያዘሽ? እናትሽም ይህን የሚያውቁት አልመሰለኝም። ዛሬ ማታ ቡናው ላይ እሱን ንገሪያቸው።