ከበርገን ተራሮች ሥር፦ ስለ ተማሪ ኑሮና ስለ እግር ጉዞ ጥያቄና መልስ

ኖርዌይ፣ በርገን ከተማ ውስጥ ስማር አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ሁለቱ ዓመት ለሁለተኛ ዲግሪ፣ የቀረው ለዶክትሬት ነው። ሊመጡ የተዘጋጁና ገና የገቡ ተማሪዎች፣ አንዳንዴም ወላጆቻቸው፣ የሚጠይቁኝን በተናጠል ስመልስ ቆይቻለሁ። ሰሞኑን ግን ጥያቄው ስለበዛ አንድ ላይ መመለሱን መርጫለሁ። የምጠቅሰው ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ወሩና ዓመተ ምሕረቱ ግን የፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ በመጪው ነሐሴ ለሁለተኛ ዲግሪ እመጣለሁ። አንድ ተራ የትምህርት ቀን ምን ይመስላል?

መልስ፦ ብዙዎቻችን የምንኖረው ከመሀል ከተማው ወደ ደቡብ፣ ፋንቶፍት በሚባለው ሰፈር ባለው የተማሪዎች መኖሪያ ነው። ከዚያ ወደ ትምህርት የሚወስደን ቀላል ባቡር በ2010 ሥራ የጀመረ ነው፤ ከአዲስ አበባው በአምስት ዓመት ይቀድማል ማለት ነው። በባቡሩ ውስጥ ማንም ማንንም አያናግርም። ባዶ ወንበር እያለ አጠገብዎ የሚቀመጥ ሰው ካገኙ የአገሩ ሰው አለመሆኑን ይገምቱ።

ክፍል ውስጥ መምህሩን በስሙ ብቻ ይጠሩታል። ያለ ማዕረግ መጥራት መጀመሪያ ላይ አፍ ላይ ይከብዳል፤ አንቱታ ግን ከዕለት ንግግራቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ማንም አይቀየምም። ምሳ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ ምሳውም ማትፓከ የሚሉት፣ አይብ ወይም ሌላ ነገር የተደረገበት ቁራጭ ዳቦ ሲሆን፣ አንዱ ቁራጭ ከሌላው እንዳይጣበቅ በመሀሉ ለዚሁ ተብላ የተሠራች ስስ ወረቀት ይደረግበታል። ትኩሱ ማዕድ፣ የእነርሱ እራት፣ የሚቀርበው ከ10 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። አንድ ቤተሰብ እራት ጋብዞኝ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ይሆናል ብዬ ስዘጋጅ፣ በ10 ሰዓት ተኩል «መንገድ ጠፋህ ወይ?» ተብሎ ተደውሎልኛል።

ጥያቄ፦ ዝናቡ እንደሚባለው ነው? ምን ዓይነት ልብስ ይዤ ልምጣ?

መልስ፦ እንደሚባለው ነው። በዓመት ከ2,200 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ ከጥቅምት 2006 መጨረሻ እስከ ጥር 2007 ድረስ 85 ቀን ሳያቋርጥ የዘነበበት ጊዜ ተመዝግቧል። እንደ እኛ ክረምት ነጎድጓድ አሰምቶ፣ ዶፉን አውርዶ፣ ከዚያ ፀሐይ የሚያወጣ ዝናብ አይደለም፤ ካፊያው ከጠዋት ይጀምርና ሲመሽም እዚያው ነው። ጃንጥላ አይግዙ፤ ነፋሱ በሳምንት ውስጥ ይገለብጥብዎታል።

ከአገር ቤት ወፍራም ካፖርት ይዘው አይምጡ። የሚያስፈልግዎ ከገላዎ ጋር የሚጣበቅ ስስ የሱፍ ውስጥ ልብስ፣ በላዩ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ውኃና ነፋስ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ ነው። ጥጥ ከረጠበ ሙቀትዎን ይሰርቃል፤ ሱፍ ግን ረጥቦም ያሞቃል። ጋቢዬን ስለምወደው ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ይሁንና ጋቢም ጥጥ ነው፤ ቦታው ቤት ውስጥ ነው። ከሁለተኛ እጅ ልብስ መሸጫዎች ጥሩ የሱፍ ልብስ በትንሽ ዋጋ ይገኛል። ድንኳን፣ ቦርሳና የበረዶ መንሸራተቻ ደግሞ ባይገዙም ይሻላል፤ ቡአ የሚባሉ የዕቃ ማዋሻ ጣቢያዎች እስከ አንድ ሳምንት ድረስ በነፃ ያውሳሉ።

ጥያቄ፦ ሰሜን ተራሮችን ስንጎበኝ የመግቢያ ከፍለን፣ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ይዘን ነው። እዚያስ ተራራ ለመውጣት ማንን ማስፈቀድ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ማንንም። ይህ ለእኔ ከሁሉም ያስገረመኝ ነገር ነው። አለማንስሬተን ወይም የማንኛውም ሰው መብት የሚሉት የቆየ ልማድ አላቸው፤ በ1957 በወጣ ሕግም ጸንቷል። ያልታረሰና ያልታጠረ መሬት፣ ባለቤቱ ግለሰብም ቢሆን፣ ማንም ሰው በእግሩ ሊሄድበት፣ ሊያርፍበትና ሊያድርበት ይችላል። ዜግነት አይጠየቅም። ድንኳን ሲተክሉ ሰው ከሚኖርበት ቤት ቢያንስ 150 ሜትር ይርቃሉ፤ ከሰፈር ራቅ ካላሉ በቀር በአንድ ቦታ ከሁለት ሌሊት በላይ ለመቆየት ባለቤቱን ያስፈቅዳሉ። በዱር የበቀለ ብሉቤሪ ለቅመው ይበላሉ፤ ባሕር ላይ ለራስዎ የሚሆን ዓሣ በመንጠቆ ያለ ክፍያ ያጠምዳሉ። የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ግን ፈቃድ ይፈልጋል። ከኤፕሪል 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ በደን ውስጥም ሆነ በደን አጠገብ እሳት ማንደድ ክልክል ነው።

እርሻ ላይ ግን ይህ መብት አይሠራም። ሰብል ያለበትን ማሳ ማቋረጥ እዚህም እንደ አገር ቤት ነውር ነው፤ መሬቱ በበረዶ ተሸፍኖ ወይም በብርድ ጠጥሮ በሚከርምበት ወራት ብቻ ይፈቀዳል።

ጥያቄ፦ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። የበርገንን ከተማ ከከበቡት ተራሮች ትልቁ፣ ኡልሪከን፣ 643 ሜትር ነው ሲባል ሳቅሁ። እውነት ይህ ተራራ ተብሎ ዝግጅት ይፈልጋል?

መልስ፦ እኔም ስቄ ነበር። ከ2,800 ሜትር በላይ ላደገ ሰው የኡልሪከን ከፍታ ጉብታ ይመስለዋል፤ ሳንባዎም በእርግጥ አይቸገርም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በርገን ከምድር ወገብ በ60 ዲግሪ ወደ ሰሜን ርቃ፣ ከባሕር ዳር የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ፣ ዛፍ ገና ከተራራው አናት ሳይደርስ ያልቃል፤ ከዚያ በላይ ነፋሱን የሚያቆም ነገር የለም። ታች ካፊያ የነበረው ላይ በረዶ የተቀላቀለበት ውሽንፍር ይሆናል፤ ጉሙ በሩብ ሰዓት ውስጥ መንገድዎን ይበላዋል።

በመጣሁ በሁለተኛው ወር፣ በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቪደን የተባለውን፣ ከኡልሪከን ተነስቶ ወደ ፍሎየን ተራራ የሚወስደውን መንገድ ለመሄድ ተነሳን። ርዝመቱ ከ13 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። እኔ የለበስሁት ጂንስ ሱሪና የሸራ ጫማ ነበር። ወደ ላይ የወጣነው በኦፕስተምተን፣ ከኔፓል የመጡ፣ ሼርፓ የሚባሉ የተራራ ሰዎች በሠሩት 1,333 የድንጋይ ደረጃ ነው፤ ለዚህ ሥራ ከሂማሊያ ሰው መጥራታቸው አሁንም ያስደንቀኛል። ደረጃውን እየዘፈንን ጨረስነው። ከአናቱ አንድ ሰዓት ያህል እንደተጓዝን ጉም ወረደ። መንገዱን የሚያመለክተው የድንጋይ ቁልል ነው፤ ከአንዱ ቁልል ቆመን የሚቀጥለውን ማየት አቃተን። ጂንሱ ረጥቦ እንደ ቆርቆሮ ደረቀብኝ። የጃኬቴን ዚፕ ለመዝጋት ስሞክር ጣቶቼ ዚፑን መያዛቸውን እንኳን አላወቅሁም፤ ዓይኔ ያያል፣ እጄ ግን አይሰማም።

በዚያ መሀል ሰባዎቹን ያለፉ የሚመስሉ ባልና ሚስት በትር ይዘው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። ጫማችንን አዩ፤ ስለ ጫማችን ግን አንድም ቃል አልተናገሩም። ከፔርሙዛቸው ቡና ቀድተው በአንዲት ክዳን ሦስታችንን አጠጡን፤ ከዚያም የራሳቸውን ጉዞ ትተው ይዘውን ተመለሱ። ባቡር ውስጥ ቢሆን ቀና ብለው የማያዩን ሰዎች ናቸው። ኖርዌጂያን ተራራ ላይ ሌላ ሰው ነው፤ ሰላምታ የሚሰጥዎም እዚያ ነው፤ ወዳጅ ያፈራሁትም እዚያ ነው።

በኋላ እንደተረዳሁት፣ ዘጠኝ የተራራ ደንቦች አሏቸው። ደንቦቹ የመጡት በ1950ዎቹ በፋሲካ ሰሞን በተራራ ላይ ሰው እየሞተ ስላስቸገረ ነው፤ በ1967 ፋሲካ ብቻ 18 ሰው ካለቀ በኋላ ዘመቻው ተጠናክሯል፤ በ2016ም ተሻሽለው ወጥተዋል። ስምንተኛው ደንብ «በጊዜ ተመለስ፤ መመለስ ነውር አይደለም» ይላል። ጀግንነትን እየተዘፈነልን ላደግን ሰዎች ይህን መቀበል ቀላል አይደለም። እኔ ግን ዛሬ አንድን የጉዞ ጓደኛ የምመዝነው ስንት ተራራ እንደወጣ በመጠየቅ ሳይሆን፣ ስንት ጊዜ ከመንገድ እንደተመለሰ በመጠየቅ ነው።

ጥያቄ፦ ትሮልቱንጋን፣ ከገደል አፍ ወጥቶ የተንጠለጠለውን ዐለት፣ ማየት እፈልጋለሁ። በመጋቢት የዕረፍት ሳምንት ብሄድስ?

መልስ፦ በመጋቢት አይሂዱ። የተለመደው መንገድ ደርሶ መልስ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል። ብቻዎን የሚሄዱበት ወቅት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ከዚያ ውጭ መሪ ያስፈልግዎታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሬከስቶለን ይሻላል፤ ከፊዮርዱ (በተራሮች መሀል ከገባው ጠባብ የባሕር ክንድ) 604 ሜትር ከፍ ያለ ገደል ነው፤ ደርሶ መልሱ ግን 8 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ተራራ ላይ ስላሉት ጎጆዎች ሰምቻለሁ። ጾመኛ ነኝ፤ ምን እበላለሁ?

መልስ፦ በ1868 የተመሠረተው የኖርዌይ የጉዞ ማኅበር በመላ አገሪቱ ከ550 በላይ ጎጆዎች አሉት፤ ለወጣትና ለተማሪ አባላት ዋጋው ቅናሽ አለው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ጠባቂ የላቸውም። የማኅበሩን ቁልፍ በመያዣ ይወስዳሉ፤ ያው አንዱ ቁልፍ ብዙዎቹን ጎጆዎች ይከፍታል። በቀይ ቀለም የተጻፈችውን «ቲ» ፊደል ከድንጋይ ድንጋይ እየተከተሉ ይደርሳሉ፤ በሩን ከፍተው ይገባሉ፤ ምድጃውን ያነድዳሉ፤ ውኃ ከምንጭ ይቀዳሉ። በአንዳንዶቹ ጓዳ የታሸገ ምግብ፣ አጃና ደረቅ ብስኩት ተደርድሮ ይገኛል፤ የወሰዱትን ራስዎ ጽፈው ይከፍላሉ። የሚቆጣጠር ሰው የለም። ሲወጡ ቤቱን ጠርገው፣ ለሚቀጥለው እንግዳ እንጨት ፈልጠው ይሄዳሉ።

ጓዳው ውስጥ የጾም ምግብ ከአጃ ብዙም አይዘልም። እኔ የምይዘው ድርቆሽ፣ በትንሽ ላስቲክ የታሰረ ሽሮና ለመንገድ በሶ ነው። ድርቆሽ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ በአምስት ደቂቃ ፍርፍር ይሆናል። አንድ ጊዜ ጎጆ ውስጥ ስሠራ የበርበሬው ሽታ አብረውን ያደሩትን ጀርመኖች አስነጥሶ ሁላችንም በአንድ መጥበሻ ላይ አገናኝቶናል።

ጥያቄ፦ ሰዓታቸውን ለመልመድ ያስቸግራል ወይ?

መልስ፦ የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ቶሎ ይለምዱታል። ወጥመዱ ሌላ ነው፤ እነርሱ «ግማሽ አራት» ሲሉ ሦስት ተኩል ማለታቸው ነው፤ ወደ አራት የሚሄደው ግማሽ ማለት ነው። የእኛ ጆሮ ግን አራት ተኩል ብሎ ይሰማዋል። ከአንዲት ደሴት የምትመልሰኝ ጀልባ በዚህ ምክንያት አምልጣኝ፣ ቀጣይዋ እስክትመጣ ወደቡ ላይ ሦስት ሰዓት ተቀምጫለሁ።

ጥያቄ፦ ስለ ጨለማው ንገሩን።

መልስ፦ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 3፡45 ገደማ፣ የምትጠልቀው ከቀኑ 9፡30 ገደማ ነው። ያውም ደመናው ከፈቀደ። ጥቁር ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ብዙ ብርሃን ስለሚፈልግ ሐኪም አማክረው ቫይታሚኑን ወይም የዓሣ ጉበት ዘይት ይውሰዱ። በቀን አንድ ጊዜ፣ ብርሃን ባለበት ሰዓት፣ ዝናብም ቢሆን ይውጡ። የመጀመሪያውን ክረምት ክፍሌን ዘግቼ አሳለፍሁት፤ ሁለተኛውን በየቀኑ ቀትር ላይ እየወጣሁ። ልዩነቱን የፈተና ውጤቴም ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ገንዘብስ?

መልስ፦ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጡ ተማሪዎች ከ2023 መጸው ጀምሮ የትምህርት ክፍያ ይጠየቃሉ። ስለዚህ ነፃ ነው የሚለውን የድሮ ወሬ ይርሱት። ዶክትሬት ግን ደመወዝ ያለው ሥራ ነው። የተማሪ ፈቃድ ያለው ሰው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይችላል፤ ኖርዌጂያንኛ ሳይናገሩ ሥራ ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ተማሪ አይደለሁም፤ እዚያ የምትማር ልጅ አለችኝ። ለትምህርት ሄዳ ገደል ለገደል ትዞራለች። ምን አጥታ ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ምንም አላጣችም፤ ሥጋትዎ ግን ይገባኛል፤ እናቴም ይህንኑ ጠይቃኛለች። እኛ ዘንድ ተራራ የሚወጣው ከብት የሚጠብቅ፣ እንጨት የሚለቅም ወይም ገዳም የሚሳለም ነው። እዚህ ግን እሑድ ቀን ቤቱ የሚቀመጥ ሰው ታመመ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ልጅዎ ከክፍሏ ልጆች ጋር የተግባባችው በዚህ መንገድ ሳይሆን አይቀርም።

እርስዎ ሊጠይቋት የሚገባው «ለምን ትሄጃለሽ?» ብለው ሳይሆን «ከማን ጋር፣ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት ትመለሻለሽ?» ብለው ነው። ከመውጣቷ በፊት ይህን በጽሑፍ ለአንድ ሰው ትተው፤ ለእርስዎም ትላክልዎ። አደጋ ቢደርስ የሚደወለው ቁጥር ለፖሊስ 112፣ ለሕክምና 113 ነው፤ ከተራራ ለሚያወርድ የነፍስ አድን ሥራም ገንዘብ አይጠየቅም።

ስንቅ ልላክላት ብለዋል፤ መልካም ነው። በሶውን፣ ቆሎውንና ዳቦ ቆሎውን ይላኩ። ቅቤና ቋንታ ግን አይላኩ፤ የወተትና የሥጋ ውጤት ከአፍሪካ ወደ ኖርዌይ ማስገባት ስለማይፈቀድ ጉምሩክ ላይ ይወረሳል። ጭኮም ቅቤ ስላለበት ያው ነው። እኔም አንድ ጊዜ እናቴ የላከችው ሙሉ ቆርቆሮ ጭኮ ዓይኔ እያየ ተወስዶብኛል።