«ስንት ሰገድክ?» ይባላል፤ «ስንት አመለክህ?» ግን አይባልም

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። እናቴ ጠዋት ከጊዮርጊስ ስትመለስ «ቤተ ክርስቲያን ስሜ መጣሁ» ትላለች። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ሰኞ ሲገባ «ትናንት አምልኮው ደስ ሲል!» ይለኛል፤ መዝሙሩን ማለቱ ነው። መስገድና ማምለክ አንድ ናቸው? «እውነተኛ አምልኮ» የሚባለውስ የቱ ነው?

መልስ፦ አንድ አይደሉም። «ለእግዚአብሔር ሰገደ» እንላለን፤ «እግዚአብሔርን አመለከ» እንላለን። «ለእግዚአብሔር አመለከ» ቢሉ ጆሮ ይጎረብጣል።

መስገድ የሰውነት ሥራ ነው። ጉልበትና ግንባር መሬት ይነካሉ፤ ስለዚህ ይቆጠራል። ስቅለት ማታ ከቅጥሩ የሚወጣውን ሰው «ስንት ሰገድክ?» ቢሉት ቁጥር ይነግርዎታል። በማግስቱ ደረጃ የሚወርደው ግድግዳ ይዞ ነው። «ስንት አመለክህ?» የሚል ግን የለም። ለሰውም ይሰገዳል፤ አብርሃም ለኬጢ ልጆች ሰግዷል (ዘፍ. 23፥7)፣ ጣዖት አመለከ ያለው የለም። «ልጁን እኮ ያመልከዋል» ካልን ግን ሰውዬውን እያማነው ነው። ማቴ. 4፥10 ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፦ «ለጌታ ለአምላክህ ስገድ እርሱንም ብቻ አምልክ»። «ብቻ» የተጠጋችው ወደ የትኛው እንደሆነ ይዩልኝ።

የእናትዎ «ስሜ» «ተሳልሜ» ማለት ነው። በሩን ወይም ግድግዳውን ስመው፣ ሰላም ብለው ተመለሱ።

የባልደረባዎን አነጋገር ስህተት አልለውም። በወንጌላውያን ዘንድ «አምልኮ» የዝማሬው ሰዓት ስም ከሆነ ቆይቷል፤ ተግባብተውበታል። እኔን ቅር የሚለኝ፣ ኪቦርዱ ሲዘጋ አምልኮውም ያለቀ መምሰሉ ነው። ሮሜ 12፥1 ሰውነትን ሕያው መሥዋዕት አድርጎ ማቅረብን «ለአእምሮ የሚመች አገልግሎታችሁ» ይለዋል። እዚያ ያለው የግሪክ ቃል አገልግሎትም አምልኮም ማለት ነው።

ወደ «እውነተኛ አምልኮ» ስንመጣ፣ ሐረጉን ብዙ ሰው የሚያያይዘው ከዮሐንስ 4 ጋር ነው። የ1954ቱን የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ቢገልጡ ግን የሚያገኙት «በእውነት የሚሰግዱ» የሚል ነው። ሳምራዊቷ ያነሣችው የቦታ ነገር ነበር፦ እዚህ ተራራ ላይ ነው ወይስ ኢየሩሳሌም? የኢየሱስ መልስ ከሁለቱ አንዱንም አልመረጠም፤ «በመንፈስና በእውነት» አለ። «እውነተኛ» ቅጽል ነው፤ አምልኮውን ከሐሰተኛው ይለያል። «በእውነት» ግን የተጠጋው ግሡን ነው፤ የሚጠይቀው ሰጋጁን ነው። በጊዮርጊስ በኩል ሲያልፍ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው የሚያማትብ ባጃጅ ነጂ አጋጥሞዎት ያውቃል። ማማተቡ እንከን የለውም። እኔን የገጠመኝ አማትቦ ሲያበቃ መልሴን ይዞብኝ ሄደ። ቅጽሉ አልጎደለበትም፤ «በእውነት» ነው የጎደለው።

በነገራችን ላይ፣ ቢሮ ለቢሮ የምናዞረው «ማመልከቻ» ከ«አመለከ» አልመጣም። የ«አመለከተ» ልጅ ነው፤ ዘመዱ «ምልክት» ነው። የሚያስሰግደን ሌላ ጉዳይ ነው።